ስምንተኛው ኪሎ ላይ ምን ሆነ? የሯጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከወሎ ናቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ዳገትና ቁልቁለት ነው ሚጠይቁት፣ እዛው ስላደግኩ አይገርመኝም፣ ደሴ ላይ ከቤት ወጥቶ ዳገት ሳይነኩ አምስት ኪሎ መሮጥ ራሱ ከባድ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ረዘም ይላል ግን ልጁ ኪሎ በኪሎ ሰዓቱን ጽፎ ስለላከ ልቆርጠው አልፈለግኩም፣ እንዲህ ሲጻፍልኝ ነው በግምት ሳይሆን በደንብ መመለስ ምችለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሚባል ሰፈር ነው ምኖረው፣ 31 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ሚካሄደውን 10 ኪሎ ሁለቴ ሮጫለሁ። አምና 52:10 ገባሁ፣ ዘንድሮ ከ50 በታች ሳልገባ አልቀርም ብዬ ክረምቱን ሙሉ በጉሙም በጭቃውም ስሰራ ከርሜ 50:41 ገባሁ። 41 ሰከንድ! የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መንገዱ ሁለት ዳገት አለው፣ አንዱ ሶስተኛው ኪሎ ላይ አጠር ያለች ናት፣ ሁለተኛው ሰባተኛው ኪሎ ላይ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ሚወጣው ረጅሙ ነው፣ ከሱ በኋላ ስምንተኛው ኪሎ ቁልቁለት ነው፣ የቀረው ሜዳ ሜዳ ይላል። ስልኬ የመዘገበው በቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ 4:28፣ 4:37፣ 5:12፣ 4:48፣ 4:45፣ 5:05፣ 5:58፣ 5:31፣ 5:17፣ 5:00። አብሮኝ ሩጫ የጀመረ ጓደኛዬ ደሞ ዱባይ ነው ያለው፣ እዛ 10 ኪሎ በ46:30 ገባሁ ብሎ የሜዳሊያውን ፎቶ ላከልኝ። እዚህ እያለ አንድም ቀን ቀድሞኝ አያውቅም። ዳገቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ የደከምኩት? ያንን ሰባተኛ ኪሎ እንዴት ነው ማሸንፈው?

መልስ፦ ወንድሜ አብሽር። በመጀመሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ 1 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ቀንሰሃል፣ ያውም እንደዛ ባለ መንገድ ላይ፣ ይሄን ሳትቆጥረው 41 ሰከንዷን ብቻ ይዘህ ማደርህ አሳዘነኝ። የክረምቱ ስራህ ከንቱ አልሆነም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። አንተ ምትጠይቀኝ ስለ ሰባተኛው ኪሎ ነው፣ እኔ ግን ደጋግሜ ሳየው ሰባተኛው አላስጨነቀኝም፣ ለረጅም ዳገት 5:58 ምንም አይልም። ዓይኔ የቀረው ስምንተኛው ላይ ነው። ቁልቁለት ነው ብለሃል፣ የሮጥከው ደሞ 5:31 ነው። ስድስተኛውን ኪሎ ሜዳ ላይ 5:05 የሮጠ ሰው ቁልቁለት ላይ እንዴት 5:31 ይሮጣል? ደህና ሆነህ ብትደርስበት እዛ ቦታ ላይ 4:40ዎቹ ውስጥ መሮጥ ነበረብህ፣ ማለትም ወደ 50 ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ እዛች አንዲት ኪሎ ላይ ነው የጣልከው፣ ከ41ዱ ሰከንድ ይበልጣል። ዘጠነኛውም 5:17 የሆነው ከሱ ተርፎ ነው። ዳገቱን ታግለህ ጫፉ ላይ ስትደርስ እግርህ አልቆ ነበር፣ መንገዱ ሊከፍልህ የመጣውን ለመቀበል እጅ አልነበረህም።

ለምን አለቀ? መልሱ የመጀመሪያው ኪሎ ላይ አለ። 50 ደቂቃ ማለት በአማካይ ኪሎው 5:00 ነው፣ አንተ ግን በ4:28 ነው የተነሳኸው፣ 32 ሰከንድ ቀድመህ። አውቃለሁ፣ ሙዚቃው አለ፣ ሰዉ ይጮሃል፣ ተማሪዎችህም ቆመው ያዩህ ይሆናል፣ ሰውነት ደሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም አይሰማውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው ነገሩ። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ በ23:50 ጨርሰህ ሁለተኛውን በ26:51 ነው የሮጥከው፣ የሶስት ደቂቃ ልዩነት። የመንገዱ ሁለተኛ አጋማሽ ከበድ እንደሚል ገብቶኛል ግን ሶስት ደቂቃ በመንገዱ ብቻ አይመጣም።

ደሴ ደሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ምታስገባው ኦክስጅንም በዛው ልክ ያንሳል። አንዴ ከልክ በላይ ከሄድክና ትንፋሽህ ከተበጠሰ ሮጠህ አትመልሰውም፣ ቆመህ ወይ ተራምደህ ነው ሚመለሰው። ዝቅ ያለ አገር ላይ በ10 ሰከንድ ሚታለፍ ስህተት እዚህ ደቂቃ ያስከፍላል።

ስለዚህ ዳገቱን ላሸንፈው ምትለውን ሀሳብ ተወው እልሃለሁ። እኔ በወጣትነቴ ዳገት ላይ ሰው ቀድሞኝ መሄዱን እንደ ስድብ ነበር ማየው፣ ጥርሴን ነክሼ ከፊት ነበር ምወጣው፣ ጫፍ ላይ ደርሼ ግን ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዬ የነበሩት አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ትንፋሻቸው ሳይሰማ አልፈውኝ ቁልቁለቱን ሲወርዱት እስከ መጨረሻው ጀርባቸውን እያየሁ ነው የገባሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ ዳገት ላይ ትንፋሼን ነው ምጠብቀው፣ ፍጥነቴን አልጠብቅም አሉኝ። ከዛ ወዲህ ላሰለጠንኩት ሰው ሁሉ ይሄንኑ ነው ምነግረው፣ ከዚህ የተሻለ ነገርም አላገኘሁም።

ትንፋሽህን ጠብቅ ማለት ምንድነው፣ ሜዳ ላይ እየሮጥክ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ዳገቱም ላይ ሁለት ሶስት ቃል መናገር መቻል አለብህ። ካቃተህ ቀንስ፣ ሰዓቱ 5:40 ይበል 5:50 ይበል አትየው፣ እንደውም ዳገት ስትጀምር ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተተው። እርምጃህን አሳጥር፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይሁን። ከወገብህ አትጎብጥ፣ መላው ሰውነትህ ነው ትንሽ ወደፊት ሚያዘነብለው፣ ዓይንህ አስር ሜትር ያህል ፊትህ ላይ ይሁን፣ ጫፉን ቀና ብለህ አትየው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ደሞ ብዙ ሰው ተገላገልኩ ብሎ ይለቃል፣ አንተ አትልቀቅ፣ መንገዱ ሜዳ ከሆነ በኋላም ሰላሳ እርምጃ ያህል በዛው ጥረት ሂድ፣ ትንፋሽህ እየሮጥክ ይመለሳል።

ቁልቁለቱ ላይ ስህተቱ ወደኋላ መደገፍና ተረከዝን አርቆ መትከል ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ይሆንብሃል፣ ጭኑም ይቀጠቀጣል። እግርህ ከሰውነትህ ስር ይረፍ፣ እርምጃህ አጭርና ፈጣን ይሁን፣ እጅህን ትንሽ ከፈት አድርገህ ሚዛንህን ጠብቅ፣ ከዛ መንገዱ ይውሰድህ።

በዚሁ መንገድ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብኩልህን ልጻፍልህ፦ 5:02፣ 4:55፣ 5:20፣ 4:45፣ 4:52፣ 4:58፣ 5:35፣ 4:42፣ 4:58፣ 4:45። ደምረው፣ 49:52 ይመጣል። ግማሹ ላይ 24:54 ነው፣ ዘንድሮ ካለፍክበት ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይተህ ማለት ነው፣ ያኔ ልብህ ዘገየሁ ዘገየሁ ይልሃል፣ አትስማው። ቁጥሮቹን ደሞ ሙጭጭ ብለህ አትያዛቸው፣ ነፋስም አለ የስልክ ጂፒኤስም ኩርባ መንገድና ፎቅ አጠገብ ይሳሳታል፣ ዋናው ቅርጹ ነው፣ ተረጋግቶ መነሳት፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ መጠበቅ፣ ቁልቁለት ላይ ሰዓት መሰብሰብ።

ልምምዱ ላይ ምትቀይረው ብዙ አይደለም። ዳገት በሳምንት አንድ ቀን በቂ ነው፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ሚወስድ ዳገት ፈልገህ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ውጣው፣ እየተራመድክ ውረድ። አብዛኛው ሰው ማይሰራው ግን ቁልቁለትን መለማመድ ነው። ለስለስ ያለ፣ አፈር የሆነ ቁልቁለት ላይ በሁለት ሳምንት አንዴ 4 ወይ 5 ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ያህል በጥሩ ፍጥነት ውረድ። በማግስቱና በሰልስቱ ጭንህ ደረጃ አላስወርድ ይልሃል፣ አትደንግጥ፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ስለሚሰራ ነው እንደዛ ሚሆነው፣ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ህመሙ በጣም ይቀንሳል ምክንያቱም ሰውነት ይሄን ቶሎ ነው ሚማረው። ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ጠንካራ ቁልቁለት አቁም። የ5:00 ፍጥነት ምን እንደሚመስል እግርህ እንዲያውቀው ደሞ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣ ብለህ ሜዳው ላይ 3 ጊዜ 2 ኪሎ በዛ ፍጥነት ሩጥ፣ ከተማ ውስጥ ይሄን መለማመጃ ቦታ አታገኝም።

የዱባዩን ጓደኛህን እንኳን ደስ አለህ በለው፣ ከልብህ በለው፣ ሰው አገር ላይ ከስራ ሰዓት ቆርጦ መሮጥ ቀላል አይደለም። ግን ዱባይ ሜዳ ነው፣ ባህር ዳርቻ ላይ ነው። የሱ 46:30 እና ያንተ 50:41 አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም፣ ከሁለታችሁ ማን እንደሚበልጥም አይነግሩህም። ትልልቆቹም ሰዓት ሲፈልጉ መንገድ ይመርጣሉ፣ ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 2:03:59፣ ቀነኒሳ በ2019 2:01:41፣ ትዕግስት አሰፋ በ2023 2:11:53 ማራቶን የሮጡት ሶስቱም በርሊን ላይ ነው፣ በርሊን ደሞ ዝቅ ያለችና ሜዳ ከተማ ናት። ያንተ ምርጥ ሰዓት በዛ መንገድ ላይ ያለህ ምርጥ ሰዓት ነው። ደብተርህ ላይ ለየመንገዱ ለየብቻ ያዝ፣ የደሴውን ከደሴው ጋር ብቻ አወዳድር።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። ከኮምቦልቻ ነው ምጽፈው። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ከደሴ ጫፍ ተነስተን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እስከ ኮምቦልቻ 21 ኪሎ ሮጥን፣ 1:38 ወጣልኝ። ከዛ በፊት ምርጡ ሰዓቴ 1:52 ነበር። ጓደኞቼ ይሄ አይቆጠርም ይሉኛል፣ እኔ ደሞ የሮጥኩት በእግሬ ነው እላለሁ። ማን ነው ልክ? ሁለት የእግር ጥፍሬ ጠቁሯል፣ ለአራት ቀን ደሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ መነሳት አቅቶኝ ነበር።

መልስ፦ በእግርህ መሮጥህንማ ማንም አይክድህም፣ ያውም ሐረጎን። ግን ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል 600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት አለ፣ ለ21 ኪሎ ስታካፍለው በየኪሎ ሜትሩ ወደ 29 ሜትር ወርደሃል። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ የጎዳና ሩጫ ሰዓት ለሪከርድ እንዲያዝ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ቁልቁለት በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም፣ መነሻና መድረሻውም በቀጥታ ሲለካ ከውድድሩ ርቀት ከግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም። ኬንያዊው ጂኦፍሪ ሙታይ እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን ላይ 2:03:02 ሲገባ ከኃይሌ 2:03:59 ፈጥኖ ነበር፣ ያኔ በዓለም ላይ ከዛ በፊት እንደዛ የሮጠ አልነበረም፣ ሪከርድ ሆኖ ግን አልጸደቀለትም፣ ምክንያቱም የቦስተን መንገድ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሚያልቅ ነው ቁልቁለቱም ይበዛል። ቦስተን እንግዲህ በኪሎ ሜትር 3 ሜትር ገደማ ነው ሚወርደው። ሙታይ ድሉን አልተቀማም፣ አንተም ቀኑን አትቀማም፣ ደብተርህ ላይ «ደሴ ኮምቦልቻ 1:38» ብለህ ጻፈው፣ ከ1:52ቱ ለይተህ ግን፣ ሌላ መስመር ላይ።

ጥፍሩ ጣትህ ጫማው ጫፍ ላይ ስለሚጋጭ ነው። ጥፍርህን ከቀናት በፊት አሳጥረህ ቁረጥ፣ ጫማህን ስታስር የመጨረሻዋን ቀዳዳ ተጠቀምና ቁርጭምጭሚትህ ጋ ጠበቅ አድርገው፣ እግር ወደፊት እንዳይንሸራተት። የጭኑን ህመም ለደሴው ልጅ ከላይ ጽፌለታለሁ፣ ያንተ አራት ቀን የቆየው 21 ኪሎ ሙሉ ስለወረድክ ነው፣ እሱ ሳይለቅህ ጠንካራ ልምምድ አትጀምር። ሽንትህ እንደ ኮካ ጠቁሮ ከነበረ ደሞ ሳትውል ሳታድር ሀኪም ቤት ሂድ፣ ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲጎዳ ኩላሊትን ሚነካበት ጊዜ አለ።

እና አንድ ነገር ልለምንህ። ያ መንገድ ዋናው የአዲስ አበባ መንገድ ነው፣ ሲኖትራክና አይሱዙ ፍሬኑን ይዞ ሚወርድበት፣ ጉም ሲወርድ ደሞ ሾፌሩ ኩርባው ላይ እናንተን ሚያያችሁ አጠገባችሁ ከደረሰ በኋላ ነው። በቡድን ሆናችሁ እንደገና ምትወርዱት ከሆነ ጉም የሌለበት ጠዋት ምረጡ፣ መኪና ከፊት ሚመጣበትን ግራ ጠርዝ ያዙ፣ በአንድ መስመር ሩጡ፣ ኩርባ ላይ ጆሮ ውስጥ ኢርፎን አይኑር። ይሄን ስጽፍ እየፈራሁላችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰልባጅ የሩጫ ጫማ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ? ከወልዲያ።

መልስ፦ ገልብጠህ ሶሉን እይ፣ ተረከዙ ወይ የውጭው ጎን በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ ተወው፣ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው ምትገዛው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ እየው፣ ካዘነበለ ተወው። አውራ ጣትህን ከጎን በኩል ስፖንጁ ላይ ተጫን፣ እንደ እንጨት ከደረቀ አልቋል። ማታ እግር ትንሽ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ሂድና ለካ፣ ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ሐይቅ ከተማ ነው ምኖረው፣ 27 ዓመቴ ነው። ከኢድ በኋላ በሶስተኛው ሳምንት ደሴ ላይ ዳገት ያለበት 10 ኪሎ ልሮጥ ተመዝግቤያለሁ፣ አምና 63 ደቂቃ ነበር፣ ከ60 በታች እፈልጋለሁ። ግን ረመዳን መሀል ገባ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ሌላው ደሞ ከሁለት ወር ወዲህ ዳገት ላይ ድሮ ማይሰማኝ ድካም አለ፣ ልቤ ቶሎ ይመታል፣ ደረጃ ስወጣ ራሱ። እናቴ ሩጫው ነው ትላለች።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ከኋለኛው ልጀምር ምክንያቱም እሱ ነው ያሳሰበኝ። ሁለት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ ልብ ሚያስመታ ድካም ከሩጫ ብቻ ነው ብለሽ አትለፊው፣ ሜዳው ላይ ደህና እየሮጥሽ ዳገት ላይ ብቻ እንዲህ ከሆነ በተለይ የወር አበባሽ በዛ ሚል ከሆነ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ሴት ሯጮች ላይ ብዙ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሄሞግሎቢን አስለኪ፣ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ሳትመረመሪ የአይረን ኪኒን አትጀምሪ። ምርመራው ደህና ከሆነ ተመስገን፣ ካልሆነ ደሞ ሀኪሙ ሚልሽን እየወሰድሽ ቀስ በቀስ ትመለሻለሽ፣ ያኔ የ60 ደቂቃውን ለጊዜው ትተይዋለሽ።

ምግብ ላይ አንዲት ነገር ልንገርሽ፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይ ወዲያው ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ ሚያገኘውን አይረን ይቀንሰዋል። እኛ ወሎዎች ደሞ ከምግብ በኋላ ቡናችንን አናዘገይም፣ በተለይ ካፈጠርን በኋላ። ቡናውን አትተዪ፣ አንድ ሰዓት ያህል አዘግዪው ብቻ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ እሱ ደሞ ያግዛል።

ጤናሽ ደህና ከተባለ በረመዳን መቀጠል ትችያለሽ፣ ግን ሰዓት ማሻሻያ ወር አታድርጊው። በሳምንት አራት ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል፣ ወደ ቤት ስትደርሺ ውሃና ተምር እንዲጠብቅሽ ሆኖ። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ነፋሻማ ነው ከበድም አይልም። ከአራቱ በአንዱ ቀን ብቻ ካፈጠርሽ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ አብሮሽ ሚወጣ ሰው ካለ፣ ስድስት ጊዜ አንዳንድ ደቂቃ ፈጠን በይ፣ እግርሽ ፍጥነት እንዳይረሳ። በዚህ ልክ ከቆየሽ በአንድ ወር ውስጥ አቅምሽ እምብዛም አይወርድም። ራስሽን ካዞረሽ ግን የዛን ቀን አቁሚ። ውሃውን ደሞ በአንዴ አትጋቺው፣ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር እየከፋፈልሽ ጠጪ። ሁዳዴ ሚጾሙ ሯጮችም ይሄንኑ ይጠይቁኛል፣ ለነሱ የሰዓቱ ነገር ይለያል ግን ሽሮውና ምስሩ እንዳይጎድል፣ ፈጣኑን ልምምድም ከበሉ በኋላ ቢያደርጉት ጥሩ ነው።

ከኢድ በኋላ ያሉሽ ሶስት ሳምንታት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ደሴ ውጪና ውድድሩ ሚያልፍበትን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥተሽ ውረጂው፣ ሰዓት ሳትይዢ። በሁለተኛው 8 ኪሎ በሀሳብሽ ባለው የውድድር ፍጥነት፣ ማለት ኪሎውን በ6:00 ገደማ። ሶስተኛው ሳምንት ቀለል ያለ። የውድድሩ ጠዋት ከሐይቅ በሌሊት መኪና ተሳፍረሽ ከምትጨናነቂ ከቻልሽ ደሴ ዘመድ ቤት እደሪ። የመጀመሪያውን ኪሎ 6:10 ሩጪ፣ ከጎንሽ ሁሉም ቢያልፉሽም። እናትሽን ደሞ ይዘሻት ነይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ትቁምልሽ።